ከእምብርት በታች ያለ እብጠት

ጥያቄ፦ የ23 ዓመቱ ወንድሜ ከእምብርቱ በታች እየጠጠረ ያመዋል፤ ያተኩሰዋል፤ ከእምብርቱም ሽታ ያለው መግል ይወጣል። ከመድኃኒት ቤት የገዛነውን አሞክሳሲሊን ሲውጥ ጋብ ይልለትና ይመለስበታል። አልትራሳውንድ ተነስቶ «4 ሴንቲ ሜትር የዩራከስ ሲስት» ተባለ። መግሉ በመርፌ ቢወጣ አይበቃም? ኦፕራሲዮኑ መሃን ያደርገዋል የሚሉንም አሉ። (ከሰበታ)

መልስ፦ ጽንስ ከሽንት ፊኛው አናት እስከ እምብርቱ የሚዘልቅ ቀጭን ቱቦ አለው፤ ዩራከስ የሚባለው እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከመወለድ በፊት ይደፈንና እንደ ክር የቀጠነ ጅማት ሆኖ ይቀራል። ጫፍና ጫፉ ተደፍኖ መሃሉ ክፍት ከቀረ ግን ፈሳሽ ይጠራቀምበትና ከረጢት ይሠራል፤ በብዛትም ወደ ፊኛው በቀረበው ክፍል ላይ። ባክቴሪያ እስኪገባበት ድረስ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም።

ክኒኑ ያልሠራው በሁለት ምክንያት ሊሆን ይችላል። መግል በቋጠረ ከረጢት ውስጥ መድኃኒት በደንብ አይዘልቅም። ደግሞም እዚህ ቦታ አዘውትሮ የሚገኘው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለ ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ አሞክሳሲሊንን ተላምዷል። ስለዚህ መግሉ ካልቸር (ጀርሙንና የሚገድለውን መድኃኒት የሚለይ ምርመራ) ይሠራለት፤ በግምት መድኃኒት መቀያየር ይቅር።

መግሉን በመርፌ ወይም በቱቦ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ግን የመጀመሪያው እርምጃ እንጂ መጨረሻው አይደለም። የከረጢቱ ግድግዳ እዚያው ስለሚቀር ዳግም ሊያመረቅዝ ይችላል። የተለመደው አካሄድ ኢንፌክሽኑን ማጥፋት፣ ቁጣው እስኪበርድ ጥቂት ሳምንታት መጠበቅ፣ ከዚያ ከረጢቱን ከነጅማቱ ማውጣት ነው። ከፊኛው ጋር ከተያያዘ ከፊኛው አናትም ትንሽ ተቆርጦ ይሰፋል። እንዲህ ከሆነ ሽንቱን ለማውጣት የሚገባለት ቱቦ (ካቴተር) ስፌቱ እስኪጠግግ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ሰለቸኝ ብሎ ቀድሞ ማስወጣት ሽንት ወደ ውስጥ እንዲፈስ ሊያደርግ ይችላል። የወጣው ሥጋ ለፓቶሎጂ (ለሥጋ ናሙና ምርመራ) መላኩንም ጠይቁ፤ አልፎ አልፎ ካንሰር ይገኝበታል። ሽንቱ ደም ወይም ንፍጥ የሚመስል ነገር ካለው ሲቲ ስካንና የፊኛ ውስጥ ምርመራ አይዘግይ።

መሃንነቱ የሰው ወሬ ነው። ቀዶ ሕክምናው የሚሠራው ከእምብርት እስከ ፊኛ አናት ባለው መስመር ነው፤ የዘር ፍሬውም ቱቦውም እዚያ የሉም።

አልትራሳውንዱ የሚደገም ከሆነ ከአንድ ሰዓት በፊት 1 ሊትር ያህል ውኃ ጠጥቶ ሳይሸና ይግባ፤ ፊኛው ባዶ ከሆነ ከረጢቱ ከፊኛው ጋር መያያዙ በደንብ አይታይም። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር አጽፉ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዳችሁ ወጪው በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሕመሙ ድንገት መላ ሆዱን ካዳረሰ፣ ሆዱ ሲነካ እንደ ጣውላ ከጠነከረና ካስመለሰው ከረጢቱ ፈንድቶ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ጥያቄ፦ የሦስት ሳምንት ልጄ እትብቱ ከወደቀ በኋላም እምብርቱ ይረጥባል። አያቱ ቅቤ ይደረግለት ትላለች። (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ቅቤው ይቅር፤ ጀርም ያስገባል። ሮዝ መልክ ያለው ትንሽ እርጥብ ሥጋ ከታየ ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ነው፤ ጤና ጣቢያ ይታከማል። ሲያለቅስ የሚጨምር፣ ሽንት ሽንት የሚል ፈሳሽ ከሆነ ግን ዩራከሱ አልተደፈነም ማለት ሊሆን ይችላል፤ አልትራሳውንድ ያስፈልገዋል። ዓይነ ምድር የሚመስል ከወጣ ችግሩ ከአንጀት ነው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ከ6 ወር በታች ባሉ ሕፃናት ኢንፌክሽን የሌለበት ትንሽ የዩራከስ ቅሪት በራሱ ሊጠፋ ስለሚችል ሐኪሙ ቀጠሮ ሰጥቶ ቢከታተለው አትደንግጪ። እስከዚያው ዳይፐሩን ከእምብርቱ በታች አጥፈሽ እሰሪለት።