30 ዘፈን ወደ 14፦ ስለ ቢትልስ «ነጩ አልበም» ጥያቄና መልስ

ባለፈው የእንግሊዙን የሙዚቃ ቡድን የቢትልስን «ነጩ አልበም» ከሁለት ሸክላ ወደ አንድ አሳጥሬ እንደማዳምጠው ተናግሬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። አንዳንዱ በቁጣ ነው፣ እሱም ደስ ብሎኛል፤ ዘፈኑን የሚወድ ሰው ነው የሚቆጣው። ለማታውቁት ባጭሩ፦ አልበሙ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1968 ነው የወጣው። 30 ዘፈን አለው፣ 93 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የራሱ ስም «ዘ ቢትልስ» ብቻ ነው። ሽፋኑ ነጭ ስለሆነ ሰው ሁሉ ነጩ አልበም ይለዋል።

ጥያቄ፦ እስቲ መጀመሪያ ያስቀረሃቸውን ንገረን።

የመጀመሪያው ገጽ፦ «ባክ ኢን ዘ ዩ.ኤስ.ኤስ.አር»፣ «ዲር ፕሩደንስ»፣ «ሃፒነስ ኢዝ ኤ ዋርም ገን»፣ «አይም ሶ ታየርድ»፣ «ብላክበርድ»፣ «ዋይል ማይ ጊታር ጀንትሊ ዊፕስ»፣ «ጁሊያ»።

ሁለተኛው ገጽ፦ «ሄልተር ስኬልተር»፣ «ሎንግ ሎንግ ሎንግ»፣ «ማዘር ኔቸርስ ሰን»፣ «ሴክሲ ሴዲ»፣ «ማርታ ማይ ዲር»፣ «ክራይ ቤቢ ክራይ»፣ «ጉድ ናይት»።

ሲደመር ወደ 44 ደቂቃ ነው። ሰባቱ የጆን ሌነን፣ አምስቱ የፖል ማካርትኒ፣ ሁለቱ የጆርጅ ሃሪሰን ድርሰት ናቸው። አራተኛው የቡድኑ አባል፣ ከበሮ መቺው ሪንጎ ስታር፣ መዝጊያውን ይዘፍናል።

ጥያቄ፦ ለምን 14? 20 ብታደርገው ማን ይከለክልሃል?

ሸክላው ይከለክለኛል። የአንድ ሸክላ አንድ ገጽ ጥሩ ድምፅ የሚሰጠው እስከ 22 ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ሲጫን መርፌው የሚሄድበት ቦይ መጥበብ አለበት። ቦዩ ሲጠብ ድምፁ ይቀንሳል፣ ባሱም ይሳሳል። በስልክ ለማዳመጥማ ልክ የለውም፣ ግን ልክ ከሌለው ማሳጠሩም ትርጉም የለውም።

ጥያቄ፦ በምን መስፈርት መረጥክ? የምትወዳቸውን ብቻ ነው?

አይደለም። መጀመሪያ እንደዚያ ሞክሬ ነበር። የምወዳቸውን 14 ሰብስቤ ደረደርኳቸው። ጥሩ ዘፈኖች ነበሩ፣ አልበም ግን አልሆኑም። በኋላ ነው የገባኝ፣ ዘፈን ጎረቤት አለው። ጎረቤቱን ሳያዩ ማንሳት አይቻልም።

አንድ ቦታ ላሳያችሁ። «ሄልተር ስኬልተር» ጩኸት ነው። መጨረሻው ላይ ሪንጎ ጣቶቼ ውሃ ቋጠሩ ብሎ ይጮሃል። ወዲያው «ሎንግ ሎንግ ሎንግ» ይጀምራል፣ በሹክሹክታ። ጆርጅ የሚዘፍነው አጠገቡ የተኛ ሰው እንዳይነቃበት የፈራ ይመስላል። ማብቂያው ላይ ደግሞ አንድ ነገር ሲንቀጠቀጥ ይሰማል። የወይን ጠርሙስ ነው። ስፒከሩ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ፖል ኦርጋኑ ላይ አንድ ኖታ ሲነካ ጠርሙሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አላጠፉትም፤ ሪንጎ ከበሮውን አከለበት፣ እንዳለ ቀረ። እነዚህ ሁለት ዘፈኖች በዋናው አልበም ላይም ተከታትለው ነው የሚመጡት። ለብቻው ሲሆን «ሎንግ ሎንግ ሎንግ» ቶሎ የሚታለፍ ዘፈን ነው። ከዚያ ጩኸት በኋላ ሲመጣ ግን እኔ በበኩሌ ትንፋሼን ይዤ ነው የምሰማው።

መክፈቻውም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ዘፈን የአውሮፕላን ድምፅ «ዲር ፕሩደንስ» ውስጥ ይገባል። ሁለቱን መለያየት አይቻልም። በነገራችን ላይ በሁለቱም ላይ ከበሮ የሚመታው ፖል ነው። ሪንጎ በዚያ ኦገስት ተቀይሞ ቡድኑን ለሁለት ሳምንት ገደማ ትቶ ነበር።

ጥያቄ፦ «ኦብላዲ ኦብላዳ»ን እንዴት አስችሎህ ጣልከው? ልጆቼ በእሱ ነው የሚጨፍሩት!

ይጨፍሩ እንጂ! ደስ የሚል ዘፈን ነው። ግን ከ«ዲር ፕሩደንስ» በኋላ ሲመጣ የተገነባውን ስሜት ያፈርሰዋል። ቦታ ፈልጌለት አጣሁ። ማርማሌድ የሚባል ቡድን በራሱ ድምፅ ዘፍኖት በ1969 መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጥቷል። ለብቻው መቆም የሚችል ዘፈን ነው፤ ስለ እሱ አልሰጋም።

ጥያቄ፦ «ሬቮሉሽን 9»ስ?

ወጥቷል። ከስምንት ደቂቃ በላይ የተቆራረጠ ቴፕ ነው፣ የሦስት ዘፈን ቦታ ይይዛል። ግን ማታ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ መብራት አጥፍታችሁ አንድ ጊዜ ስሙት። ሳይሰሙት የሚስቁበት ሰዎች ያናድዱኛል።

ጥያቄ፦ የሠሩት ሰዎች 30 ይሁን ብለው ወስነዋል። አንተ ማነህና ትቆርጣለህ?

ተገቢ ጥያቄ ነው። ዋናው አልበም መደርደሪያዬ ላይ አለ፣ ማንም አልነካውም። ደግሞ ይህን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። ፕሮዲውሰራቸው ጆርጅ ማርቲን ራሱ አንድ ምርጥ ሸክላ ቢሆን ይሻል ነበር ብሏል። ሪንጎ ሁለት የተለያዩ አልበሞች መሆን ነበረባቸው ባይ ነው። ፖል ደግሞ ክርክሩን ጭራሽ አይፈልገውም፤ የቢትልስ ነጩ አልበም ነው፣ በቃ፣ ዝም በሉ ነው ያለው።

ለምን እንደበዛ ማወቅም ይረዳል። በ1968 መጀመሪያ ሪሺኬሽ፣ ሕንድ ውስጥ ለተመስጦ ትምህርት ሄደው ነበር። እዚያ ጊታርና ጊዜ እንጂ ሌላ ብዙ ነገር አልነበራቸውም። በርካታ ዘፈን ይዘው ተመለሱ። ሲመለሱ ደግሞ አንዱ የሌላውን ዘፈን «ይሄ ይቅር፣ አይግባ» ለማለት የሚደፍርበት ጊዜ አልፎ ነበር። ያን ያላሉትን «ይቅር» ነው እኔ ቤቴ ተቀምጬ የምሞክረው።

ጥያቄ፦ «ሄይ ጁድ» የዚያን ጊዜ አይደለም? ለምን አላስገባኸውም?

የዚያው ክረምት ነው። ግን በነጠላ ሸክላ ነው የወጣው፣ አልበሙ ውስጥ የለም። የእኔ ሕግ ካለው መቀነስ ነው፤ መጨመር የለም።

ጥያቄ፦ ሌሎች ባለ ሁለት ሸክላ አልበሞችንስ ታሳጥራለህ?

የፒንክ ፍሎይድን «ዘ ዎል» አልነካም፤ ታሪክ ነው፣ መሃሉ ከወጣ ታሪኩ ይበጠሳል። የሌድ ዘፕሊን «ፊዚካል ግራፊቲ» ግን ይመቻል። ስምንት አዲስ ዘፈን ነበራቸው፣ ለአንድ ሸክላ ትንሽ በዛ፣ ከዚያ ከድሮ የተረፉ ሰባት ጨመሩበት።

ጥያቄ፦ በስልክ ስደረድረው በዘፈኖቹ መካከል ክፍተት ይገባብኛል።

ማጫወቻው ውስጥ ክፍተቱን የሚያጠፋ ምርጫ ፈልጊ። ዘፈን ከዘፈን የሚያደባልቀውን ምርጫ ግን ዝጊው። በተለይ መጨረሻው ላይ ያስፈልግሻል። «ክራይ ቤቢ ክራይ» ካለቀ በኋላ ፖል ወደመጣሁበት ትመልሰኛለህ ወይ እያለ የሚያንጎራጉርባት ርዕስ የሌላት ቁራጭ አለች። ዋናው አልበም ላይ ከእሷ ቀጥሎ «ሬቮሉሽን 9» ይመጣል። በእኔ ዝርዝር «ጉድ ናይት» ይመጣል፤ ጆን ለልጁ የጻፈው እሹሩሩ። ጥያቄዋ እንደዚያ መልስ ስታገኝ ስሚው።

ጥያቄ፦ እኔ በካሴት ዘመን ያደግሁ ነኝ። እርስዎ አልበሙን መጀመሪያ በምን ሰሙት?

በካሴት ነው፣ ጋሼ። አጎቴ ከሸክላ የቀዳልኝ የ90 ደቂቃ ካሴት ነበር። አንዱ ገጽ 45 ደቂቃ ይይዛል። የመጀመሪያው ሸክላ ግን ከ46 ደቂቃ ትንሽ ያልፋል። ስለዚህ የሸክላው የመጨረሻ ዘፈን «ጁሊያ» መሃሉ ላይ ቀጭ ብሎ ይቆም ነበር። ጆን ብቻውን፣ በጊታር፣ በመኪና አደጋ ለሞተችው እናቱ የዘፈነው ነው። ለዓመታት መጨረሻውን አላውቀውም ነበር። በእኔ ዝርዝር የመጀመሪያውን ገጽ የሚዘጋው እሱ ነው፤ ሙሉውን።