በጥቅምት ሰማዩን የሚሞሉት ንስሮች ጫጩት ይበላሉ?

በድሬዳዋ ቢዮ አዋሌ አካባቢ ዶሮ የሚያረቡ አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «በየዓመቱ ማሽላው ሲደርስ ትልልቅ አሞራዎች በሰማይ እየዞሩ ያልፋሉ። ዶሮዬ 11 ጫጩት ፈልፍላ የቀሩት 4 ናቸው። ጎረቤቴ ለጫት የሚረጨውን መድኃኒት ሥጋ ላይ አድርጊና አስቀምጪላቸው አለኝ። ላድርገው?»

እናቴ፣ እባክዎ አያድርጉት። የሚያዩዋቸው ንስሮች መንገደኞች ናቸው፤ በእንግሊዝኛ «ስቴፕ ኢግል» ይባላሉ። አብዛኞቹ የካዛኪስታንንና የሩሲያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ናቸው። እንዲህ ያለ ከባድ ወፍ ክንፉን እያርገበገበ ሩቅ አይሄድም፤ ከሞቀ መሬት የሚነሳው አየር ነው ወደ ላይ የሚያወጣው። ባሕር ላይ ያ አየር ስለሚደክም ውኃው የሚጠብበትን ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ በየመን በኩል ወርደው ባብ ኤል መንደብ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ውኃ ተሻግረው ጅቡቲ ይገባሉ፤ ከዚያ ወደ እኛ ይዘልቃሉ። በ1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1987) መጸው ላይ በዚያ መሻገሪያ ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ አሞራዎች ተቆጥረዋል። ከ76 ሺህ የሚበልጡት ይኸው ንስር ነበሩ። ዛሬ ግን ቁጥሩ በዓለም ደረጃ እየተመናመነ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተመድቧል።

ብዙዎቹ የሚያልፉት ከጥቅምት 10 ገደማ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ጠዋት 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ መሬቱ ሲሞቅ ቀና ብለው ይመልከቱ፤ ክንፋቸውን ዘርግተው ሳያርገበግቡ እየተሽከረከሩ ይወጣሉ። ዘንድሮ የተፈለፈሉት በክንፋቸው ሥር ሰፊ ነጭ መስመር አላቸው። ሲመለሱ አብዛኞቹ በሲና በኩል ስለሚዞሩ በየካቲትና በመጋቢት ይህን ያህል አያዩዋቸውም።

መሬት ሲወርዱ ምስጥ፣ አንበጣና አይጥ ይለቅማሉ፤ የግሪሳ ጎጆ ካገኙም ጫጩቶቹን ይጨርሳሉ። ማሽላ የሚጠብቅ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ሊለው ይገባል። ሜዳ ላይ የቀረች ጫጩት ጨርሶ አይነኩም ብዬ አልምልም፤ ግቢ ገብቶ መንጠቅ ግን የእነሱ ጠባይ አይደለም።

ነጣቂው ጭልፊት ነው፣ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ አብሮን ይኖራል። ጅራቱ መሐሉ ላይ ገባ ያለ ነው፤ ዝቅ ብሎ ሲበር ግራና ቀኝ ያጣምመዋል። ለእሱ መድኃኒቱ መከለያ ነው። ጫጩቶቹን እስከ ሁለት ወር ድረስ በሽቦ ወንፊት በተሸፈነ በረት ውስጥ ያቆዩ። ሽቦው ከተወደደብዎ መረብ የሆነውን የሽንኩርት ጆንያ ተርትረው ይስፉና በእንጨት ላይ ይወጥሩት፤ ዳሩን በድንጋይ ይጫኑት። ምግባቸውንም ሜዳ ላይ አይበትኑ፤ ከጥላ ሥር ያድርጉላቸው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ፤ ሰባቱም ሲነጠቁ በዓይንዎ አይተዋል? አንገታቸው ተጣሞ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ይዟቸው ወይም ክንፋቸው ወድቆ የሞቱ ካሉ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ከጭልፊት ይልቅ እሱን ነው የምፈራልዎ። በቀበሌዎ ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስለ ክትባቱ ያነጋግሩ፤ ለጫጩት በዓይን ጠብታ የሚሰጥ አለ።

መርዝ ያለበት ሥጋ መጀመሪያ የሚያገኘው የሰፈር ውሻ ነው፣ ከዚያ የሞተውን ውሻ የሚበላው ጥንብ አንሳ። የመርዙን ቁራሽ የለቀመች የራስዎ ዶሮ ደግሞ ለልጆችዎ ወጥ ልትሆን ትችላለች። ጎረቤትዎ አስቀድመው አስቀምጠው ከሆነ ዛሬውኑ በባዶ እጅ ሳይነኩ በአካፋ ሰብስበው፣ ከጉድጓድ ውኃና ከመስኖ ርቀው፣ ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቅበሩት። አካፋውንም ዶሮዎቹ ከሚውሉበት ርቀው በደንብ ያጥቡት።