ፒኤችዲ ልትቀጥሉ ነው? ከዩኒቨርሲቲው በፊት አማካሪውን እዩ

ማስተርሳቸውን የጨረሱ ልጆች ደውለው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» ብለው ነው። እኔም መልሼ፣ «ከማን ጋር ልትሠሩ ነው?» እላለሁ። ማስተርስ ኮርስ ወስዶ፣ ቴሲስ ጽፎ መውጣት ነው። ፒኤችዲ ግን ከአንድ አማካሪ ጋር ለዓመታት መክረም ነው። አሜሪካ ውስጥ አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል፤ ማስተርስ ስላላችሁም በብዙ አያጥርም። አማካሪው ካልሆነላችሁ የዩኒቨርሲቲው ስም አያድናችሁም።

ሰው ለመፈለግ ሩቅ አትሂዱ። ቴሲሳችሁ ላይ ደጋግማችሁ የጠቀሳችኋቸውን ጽሑፎች አውጡ። እነማን ጻፏቸው? አሁን የት ነው የሚያስተምሩት? በቅርብ ምን አሳተሙ? ከዚያ ውስጥ ጥቂት ስም አታጡም።

ቀጥሎ ኢሜይል ነው። «የሥራዎ አድናቂ ነኝ፣ ከእርስዎ ጋር መማር እፈልጋለሁ» የሚለውን ፕሮፌሰሮች ሰልችቷቸዋል። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «የመጨረሻው ጽሑፍዎ ላይ መረጃው የተሰበሰበው ከከተማ ብቻ ነው። እኔ ያንኑ ጥያቄ በማስተርስ ቴሲሴ ገጠር ላይ ሞክሬው ውጤቱ ተለየ። ምክንያቱን በፒኤችዲ መመርመር እፈልጋለሁ። ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይቀበላሉ?» በቃ። ሲቪያችሁን አያይዙና ላኩ። ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ አንዴ አስታውሱ፤ ዝም ካሉ ወደ ሌላ እለፉ። አንድ ኢሜይል ለሃያ ሰው በጅምላ አትላኩ፣ ያስታውቃል።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን መምህራን ቀድማችሁ ያዙ። የአሜሪካ ማመልከቻ አብዛኛው በዲሴምበር ስለሚዘጋ፣ ሴፕቴምበር ላይ ቴሲሳችሁን፣ ሲቪያችሁንና የማመልከቻ ጽሑፋችሁን ረቂቅ ላኩላቸው። ሥራችሁን በዝርዝር የሚያውቅ መምህር፣ ስማችሁን ብቻ ከሚያውቅ ዝነኛ ፕሮፌሰር ይበልጣል።

ገንዘቡ ላይ ግን ጠንከር በሉ። አሜሪካ ውስጥ በተለይ በሳይንስና በኢንጂነሪንግ፣ ዩኒቨርሲቲው ክፍያውን ሸፍኖ በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት ስታይፔንድ (መተዳደሪያ ገንዘብ) መስጠቱ የተለመደ ነው። ስዊድንና ኔዘርላንድስ ደግሞ ፒኤችዲ ባብዛኛው ደመወዝ ያለው ሥራ ነው፤ ክፍት ቦታው እንደማንኛውም ሥራ በማስታወቂያ ይወጣል። ፈንድ የሌለው አድሚሽን ሲመጣ እኔን የምትሰሙ ከሆነ አትቀበሉ። ተበድሮ ፒኤችዲ የጀመረ ሰው ለምርምሩ የሚሆን ጊዜ በትርፍ ሰዓት ሥራ ያልቅበታል።

ውጭ የምንኖር ሰዎች ሳናየው የምናልፈው ነገር ደግሞ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ገንዘቡን የሚሰጠው የፒኤችዲ ፕሮግራም፣ የማሪ ኩሪ የዶክትሬት ኔትወርክ፣ ባለፉት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ ኖራችሁ ወይም ሠርታችሁ በነበረበት አገር ላይ አይቀጥራችሁም። ብዙዎቹ የዳአድ (የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት) ስኮላርሺፖችም ጀርመን ከ15 ወር በላይ የቆየ አመልካች አይቀበሉም። ስለዚህ ያላችሁበት አገር ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ፤ ጎረቤት አገርም ሞክሩ።

አድሚሽኑ ከነፈንዱ ከመጣ በኋላ ለመፈረም አትቸኩሉ። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ ኤፕሪል 15 እንድታስቡበት ጊዜ ለመስጠት ተስማምተዋል። በዚያ ጊዜ የአማካሪውን ተማሪዎች ፈልጉና ደውሉላቸው። ረቂቅ ስትልኩለት በስንት ጊዜ ይመልሳል? አቋርጦ የወጣ አለ? የተመረቁትስ የት ገቡ? በኢሜይል የማይጽፉትን በስልክ ይነግሯችኋል።