ልጄ ከሥልጠና እንዲመለስልኝ ተስያለሁ፤ ስሕተቴ ምኑ ላይ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ልጄ ወዶና ፈቅዶ ለመሠረታዊ የውትድርና ሥልጠና ከገባ ሳምንታት አልፈዋል። ስልክ መያዝ ስለማይፈቀድለት እስካሁን የደወለው አንድ ጊዜ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ ነው። በተዘጋ ድምፅ «ደክሞኛል፤ የምችለው አይመስለኝም» ሲለኝ አለቀስኩና «ተመለስ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ተሰናብቶ ከመጣልኝ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል እሰጠዋለሁ ብዬም ተስያለሁ። ባለቤቴ ማልቀሴን የእምነት ማነስ ነው ይሉኛል። ስሕተቴ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ዕንባዎ የእምነት ማነስ አይደለም። ጌታችን አልዓዛርን ሊያስነሣው እያወቀ እንኳ ዕንባውን አፍስሷል (ዮሐ. 11፥35)። ባለቤትዎም ይህን ያሉት ሊያበረቱዎት አስበው እንደ ሆነ አምናለሁ፤ ነገር ግን የሚያለቅስን ሰው ዝም ማሰኘት ማጽናናት ስላልሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለልጃችሁ አብራችሁ ብትጸልዩ ይሻላል።

ያሳሰበኝ ስእለትዎ ነው። ልጆቻቸውን፣ ባሎቻቸውን፣ እኅቶቻቸውን ወደ ሥልጠና ከሸኙ ምእመናን ይህን ዓይነት ስእለት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ የሚመነጨውም ከፍቅር ስለሆነ ስሕተቱ በቀላሉ አይታይም። ስእለት ሰው ከራሱ ገንዘብ፣ ከራሱ ጊዜና ከራሱ ጉልበት ለእግዚአብሔር የሚሰጠው ነው። ልጅዎ ግን ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ነው፤ እርሱ ሳያውቅ ሁለት ጊዜ ወስነውበታል፦ መጀመሪያ የጀመረውን እንዲተው፣ ቀጥሎም ከተወው በኋላ የሚኖረውን ኑሮ። ዮፍታሔ በችኮላ አፉን ከፍቶ የተሳለው ስእለት የወደቀው በልጁ ላይ እንደ ነበር ያውቃሉ (መሳ. 11)።

«ሐናስ ልጇን ተስላ አልነበረምን?» ይሉኝ ይሆናል። አዎን፣ ተስላለች፤ ነገር ግን ሐና የተሳለችው ልጇን ለመስጠት ነበር፣ የእርስዎ ስእለት ደግሞ ልጅዎን ለማስመለስ ነው። ጡት ካስጣለችው በኋላ ወስዳ ሰጠችው እንጂ መልሳ ወደ ቤቷ አልጠራችውም። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን መጽሐፍ በአንድ ቁጥር ብቻ ይነግረናል፤ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር (1ኛ ሳሙ. 2፥19)። እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡ። ልጅ ያድጋልና የአምናው ልክ ለዘንድሮ አይሆንም፤ ስለዚህ ያቺ እናት መርፌዋን ባነሣች ቁጥር ማሰብ የነበረባት ከእርስዋ ሲለይ የነበረውን ሕፃን ሳይሆን አሁን በአገልግሎት ላይ ያለውን ብላቴና ነው። ያለበትን ቦታ ተቀብላ፣ በዚያ ቦታ የሚጠቅመውን አደረገችለት። እሴይም ልጆቹ ከሳኦል ጋር በዘመቱ ጊዜ ዳዊትን ስንቅ አስይዞ የላከው ደኅንነታቸውን ጠይቆ እንዲመጣ ነበር፤ ለሻለቃቸው እንኳ ስጦታ ልኳል (1ኛ ሳሙ. 17፥17-18)።

የልጅዎን ድካም ቀላል ነው አልልም። በመሠረታዊ ሥልጠና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰው የለመደውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጣል፤ ሳይነጋ ይነሣል፣ በትእዛዝ ይበላል፣ በትእዛዝ ይተኛል፣ እግሩ በአዲስ ጫማ ይላጣል፣ ናፍቆቱን የሚነግረው የቅርብ ሰው የለውም። ስልክ በተፈቀደለት በዚያች አጭር ጊዜ የሚሰማው ድምፅ ቀኑን ሙሉ አብሮት ይውላል። «ተመለስ» ብለው ሲያለቅሱ ከራሱ ሸክም በላይ የእርስዎን ሸክም ይዞ ወደ ሰልፉ ይመለሳል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲደውል ይስሙት፤ «ከባድ እንደ ሆነ ገብቶኛል፣ እንወድሃለን፣ በጸሎት እያሰብንህ ነው» ይበሉት፤ የቀረውን ማልቀስ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ያልቅሱ።

ደብዳቤ የሚፈቀድ ከሆነ ይጻፉለት፣ አባቱም ይጻፉ፤ ጸሎት ደብዳቤን አይተካም። የቤቱን ተራ ወሬ፣ ማን እንደ ጠየቀው፣ ታናሹ ምን እንዳለ ይጻፉ። አንዲት የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ ትበቃለች፤ በየገጹ ተግሣጽና ማስጠንቀቂያ አይሙሉበት። መልስ ቢዘገይ ጊዜ ስላጣ ሊሆን ይችላልና ዝምታውን እንደ ክፉ ምልክት አይቁጠሩት። ጾሙን በተመለከተ እንዴት መያዝ እንዳለበት ከንስሐ አባቱ ጋር ራሱ ይነጋገር።

በጸሎትዎ ጤናውን ይለምኑ፤ ይህ የእናት ወግ ነው። ሆኖም በዚህ ብቻ አይቁሙ። መጥምቁ ዮሐንስ ጭፍሮች «እኛስ ምን እናድርግ?» ብለው በጠየቁት ጊዜ ማንንም እንዳይነጥቁና በሐሰት እንዳይከሱ፣ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው ነገራቸው እንጂ ሥራቸውን እንዲተዉ አላዘዛቸውም (ሉቃ. 3፥14)። ስለዚህ ልጅዎ ትዕግሥትን፣ እውነተኛነትን፣ ከእርሱ ለሚደክም ጓደኛው የሚራራ ልብን እንዲያገኝ ይለምኑለት። የመቶ አለቃው ቆርኔሌዎስ ጸሎት ወደ እግዚአብሔር የደረሰው በወታደርነቱ ሳለ ነው (የሐዋ. 10)።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርዎታለሁ። ሕመም ወይም ጉዳት እንዳለው ቢነግርዎት «ቻለው» አይበሉት፤ ለአለቃውና ለሐኪም ሳይውል ሳያድር ይናገር። ሕይወቱን እንደ ጠላ ወይም ራሱን ሊጎዳ እንዳሰበ የሚያሳይ ቃል ከሰሙ ደግሞ ጸሎቱን ሳያቋርጡ በዚያው ሰዓት ለማሠልጠኛው ኃላፊዎች ያሳውቁ። ይህን ማድረግ እምነትን ማጉደል አይደለም።

ስእለቱን በራስዎ ሥልጣን እንደ ቀልድ አይተዉት፤ ወደ ንስሐ አባትዎ ሄደው እንዳለ ይንገሯቸው፣ የሚሰጡዎትንም ምክር ይፈጽሙ። ልጅዎ ሥልጠናውን ሳይጨርስ ቢመለስ ደግሞ «ስእለቴ ሰመረልኝ» ብለው በጎረቤት ፊት እልል አይበሉ። እርሱ በዚያ ሰዓት አልቻልኩም ብሎ አንገቱን ደፍቶ የሚገባ ሰው ነውና፣ የእርሱ ኀዘን የእርስዎ በዓል እንዳይመስለው። በሩን ከፍተው ያስገቡት፤ እስኪያርፍም ድረስ ስለ ወደፊቱ ምንም አይጠይቁት።