ጥያቄ አውጪ ሁኑ

ልጆቼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በሰሜን ሸዋ ጂኦግራፊ በማስተማር ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ ደብረ ብርሃን ተቀምጫለሁ። ማታ ማታ ማኪያቶ ልጠጣ ካፌ ስገባ፣ ስልካችሁን መሃል አድርጋችሁ በቴሌግራም ጥያቄና መልስ ስትፋለሙ አያለሁ። አንዱ ዙር የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ነው፣ ሌላው ዙር የአገር ጂኦግራፊ። «በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ ያስቆጠረው...» ሲባል ጥያቄው ሳያልቅ «ቻምበርሌን!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ ወላጆች አሉ፤ እኔ ከእነሱ ጋር አልስማማም። ስምና ቁጥር በቃል መያዝ አይናቅም። ምንም ያልያዘ ጭንቅላት ምኑን ያስባል?

አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል። ሁላችሁም መላሾች ናችሁ። ጥያቄውን የሚያወጣው ቦቱ፣ ማለትም በቴሌግራም ውስጥ ራሱ የሚጠይቀው ፕሮግራም ነው፤ እናንተ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እየተጫናችሁ ታልፋላችሁ። እስቲ ቦታ ቀይሩና ጥያቄ አውጪ ሁኑ። ከመመለስ እጅግ ይከብዳል፤ ያን ያህልም ያስተምራል። ችግሩ የሚጀምረው አንድ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ እንዲኖረው ለማድረግ ስትሞክሩ ነው።

በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች በዓል ላይ ያየሁትን ላጫውታችሁ። «የሰሜን ሸዋ ዞን ዋና ከተማ ማን ይባላል?» ተብሎ ተጠየቀ። አንዲት ልጅ ተነስታ «ፍቼ» አለች። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ዳኛው «ተሳስተሻል» አላት። ልጅቷ ግን አልተቀመጠችም። «የትኛው ሰሜን ሸዋ?» ብላ ጠየቀች። ልክ ናት እኮ! ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ነው። የአማራ ክልሉ ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን ነው፣ የኦሮሚያው ደግሞ ፍቼ። ዳኛው ወረቀቱን አየ። ወረቀቱ ላይ «ደብረ ብርሃን» ተብሎ ተጽፏል፤ በቃ፣ ነገሩ አለቀ። ለሽልማት የቀረበውን ደብተርና እስክሪብቶ ሌላ ልጅ ወሰደ። እኔ ዳኛ ብሆን ለልጅቷ ድርብ ነጥብ እሰጣት ነበር። የወደቀው ጥያቄው ነው።

የቅርጫት ኳስ ጥያቄዎችም ይኸው በሽታ አለባቸው። «በኤን ቢ ኤ (በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ) ታሪክ አንደኛው ነጥብ አስቆጣሪ ማን ነው?» በሉ እስቲ። በጠቅላላ ድምር ከሆነ ሌብሮን ጄምስ ነው፤ የካሪም አብዱል ጀባርን 38,387 ነጥብ ያለፈው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ነው። በመደበኛ ውድድር የጨዋታ አማካይ ከሆነ ማይክል ጆርዳን ነው፤ እሱ 30.12፣ ቻምበርሌን 30.07። በአንድ ምሽት ከሆነ ደግሞ ያው የእ.ኤ.አ. 1962ቱ ቻምበርሌን ነው፣ ባለ 100 ነጥቡ። ሦስት መልስ፣ ሦስቱም ልክ። እናንተ ካፌ ውስጥ እስክትጯጯሁ የምትከራከሩት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ተጫዋቹ አይደለም። አንዱ ድምር ይዟል፣ ሌላው አማካይ፤ ማንም ግን መለኪያውን አልተናገረም።

ከዚህ የባሰም አለ። «ብዙ ብሎክ ያደረገው (ወደ ቅርጫት የተወረወረ ኳስ በእጁ የመለሰው) ማን ነው?» ሲባል መልሱ ሃኪም ኦላጁዋን ነው፣ 3,830። የሌጎስ ልጅ ነው፤ ከቅርጫት ኳስ በፊት እግር ኳስ በረኛ ነበር። ግሩም ተጫዋች! ነገር ግን ኤን ቢ ኤ ብሎክ መቁጠር የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1973–74 የውድድር ዘመን ወዲህ ነው። ከቦስተን ጋር 11 ዋንጫ የበላው ቢል ራስል በ1969 ጫማውን ሰቅሏል። ቻምበርሌንም ቆጠራው ሊጀመር ሲል ወጥቷል። የሁለቱ ብሎክ በመዝገብ የለም። ስለዚህ ጥያቄ ስታወጡ «ማን ቆጠረ? ከመቼ ጀምሮ?» በሉ። ይህን ልማድ ያደረገ ልጅ ነገ ሪፖርት ሲያነብም፣ የምርጫ ወሬ ሲሰማም፣ የባንክ ማስታወቂያ ሲያይም በቀላሉ አይሸወድም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። የቅርጫት ኳስ ጥያቄ ስትቆፍሩት ብዙ ጊዜ ሥሩ ካርታ ላይ ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ31 የነበረው የኤን ቢ ኤ ተጫዋች ማኑት ቦል የየት አገር ሰው ነው? ደቡብ ሱዳን ትላላችሁ። ያረፈው ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ደቡብ ሱዳን አገር የሆነችው በሐምሌ 2011። በሕይወት ሳለ እንዲህ የምትባል አገር ካርታ ላይ አልነበረችም። ዋው ከተማ የተወለደው ሉዎል ዴንግ ደግሞ በ2012ቱ የለንደን ኦሎምፒክ የተጫወተው ለብሪታንያ ነው። ከዚያ በ2024 ፓሪስ ላይ ደቡብ ሱዳን በራሷ ባንዲራ ገብታ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 አሸነፈች። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አከታትሎ የሚያወጣ ሰው የአንድ ጎረቤት አገር ታሪክ አስተማረ ማለት ነው።

የአሜሪካዋን ዴንቨርን እንውሰድ፣ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን የኒኮላ ዮኪችን ከተማ። ከባሕር ጠለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ በእነሱ መለኪያ አንድ ማይል። በዚህ ከፍታዋ ትኮራለች። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅንም ያንሳል፤ እንግዳ ቡድን እዚያ ቶሎ ይደክማል የሚባለው ለዚህ ነው። እንግዲህ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት! ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወርድ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው የዴንቨርን ከፍታ መንገድ ላይ ጥሎት ያልፋል። ዮኪች እዚህ ደብረ ብርሃን ጠባሴ መጥቶ ሁለት ዙር ሲሮጥ ባየሁት።

ከሁሉም የምወደው የጂኦግራፊ ጥያቄ ግን ስለ ዝናብ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትሄዱ ጣርማ በር ላይ ውረዱና ቁሙ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ከቆፈረው ዋሻ አጠገብ። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በክረምት ጉሙ ከሥር እየወጣ ፊታችሁን ያረጥበዋል፤ አሥር እርምጃ ፊት ያለ ሰው አይታይም። ቦታው እንደ ቤት ጣሪያ ነው፤ የወረደው ውሃ በሁለት በኩል ይፈሳል። በምዕራብ በኩል የወረደው ወደ ጀማ ይገባል፣ ከጀማ ወደ ዓባይ፣ ከዓባይ ወደ ሱዳንና ግብፅ፣ በመጨረሻም ሜዲትራኒያን። የደብረ ብርሃኑ በሬሳም መንገዱ ይኸው ነው። በምሥራቅ በኩል ገደሉን የወረደው ደግሞ በሮቢና በመሰሎቹ ወንዞች ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ባሕር አያውቅም። አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። አንድ ደመና፣ አንድ ዝናብ፤ ጥቂት እርምጃ ግን ጠብታዎቹን አንዱን ወደ ሜዲትራኒያን፣ ሌላውን ወደ አፋር በረሃ ይልካል። ቦቱ የሚጠይቃችሁ «አዋሽ የት ይገባል?» ብሎ ብቻ ነው። መልሱን ነክታችሁ ታልፋላችሁ፤ ጣርማ በርን አታስቡትም። እኔ ግን «ጣርማ በር ላይ የወረደ ዝናብ ባሕር ይደርሳል ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ክፍል ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ጭቅጭቅ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ የተፋሰስ ትርጉም ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የመንዝ ጓሳ፣ ያ የደጋ ሣር ምድር፣ እንዲሁ ነው። «ጓሳ ላይ የሚገኝ ብርቅዬ እንስሳ?» ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ። ይህን ሁሉም ያውቃል። እስከ ዛሬ እንዴት ተረፉ? ይህ ነው ጥያቄው። የመንዝ አባቶች የጓሳውን ሣር በስምምነት ከልክለው፣ ለሣር ክዳንና ለገመድ ሲፈለግ በወቅቱ እየከፈቱ ጠብቀውታል። ሣሩ ሲተርፍ አይጡ ተረፈ፣ አይጡ ሲተርፍ እሱን የሚበላው ቀበሮ። ዝርዝሩን ከመሀል ሜዳ ከተማ ሽማግሌዎች ስሙት፤ ከእኔ ይሻላሉ።

አሠራሩን ላሳያችሁ። ጥያቄውን በቁራጭ ወረቀት ጻፉ፤ መልሱን ከጀርባው። ከመልሱ ሥር ከየት እንዳገኛችሁትና መቼ እንዳገኛችሁት አስፍሩ፣ ምክንያቱም ክብረ ወሰን ይሰበራል፣ ወረዳም ይከፈላል። ከዚያ ወረቀቱን ከጓደኞቻችሁ ሁሉ ነገረኛ ለሆነው ስጡት። ሁሉም እንዲህ ዓይነት ጓደኛ አለው። ሁለተኛ ልክ መልስ ካገኘባችሁ ማኪያቶ ጋብዙት፣ ጥያቄውንም አስተካክሉ። ካላገኘ እሱ ይጋብዝ።

ለመጀመሪያው ዙር ሁለት ከእኔ ልስጣችሁ። አንኮበር ላይ የዘነበ ዝናብ መጨረሻው የት ነው? የጃዝ ሙዚቃ ከተማ ኒው ኦርሊንስ ናት፤ ታዲያ የዩታ የቅርጫት ኳስ ቡድን ምን ቆርጦት ነው ጃዝ የተባለው? ስልክ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ተከራከሩ።