ጊኒ ፒጋችን ከትናንት ጀምሮ አልበላችም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ስለታመመች ጊኒ ፒግ (በቤት የምትለመድ ሣር በል ትንሽ እንስሳ ናት) የሚጠይቁ ደብዳቤዎች በርከት ብለው ደርሰውናል። አብዛኞቹ የተጻፉት በውጭ አገር ከሚኖሩ፣ ልጆቻቸው ለምነው እንስሳዋን ካስገዟቸው ወላጆች ነው። ጊዜ የማይሰጠውን አስቀድመናል።

ጥያቄ፦ የልጄ ጊኒ ፒግ 4 ዓመቷ ነው። ደህና ሳለች 900 ግራም ትመዝን ነበር። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም፤ ጸጉሯን አቁማ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ሐኪሙ የቀጠረን ከሦስት ቀን በኋላ ነው። እስከዚያ በምን ላቆያት?
አንዲት እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ እባክዎ ቀጠሮውን አይጠብቁ። አሁኑኑ ደውለው «ጊኒ ፒጋችን ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አልበላችም» ይበሏቸው። ሥራውን የሚያውቅ ክሊኒክ ይህን ሲሰማ በድንገተኛ ይቀበላታል። ውሻና ድመት ብቻ የሚያክሙ ክሊኒኮች ብዙ ስለሆኑ፣ «ኤግዞቲክ» የሚባሉትን እንስሳት የሚያይ ሐኪም መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ።

የምንቸኩለው በምክንያት ነው። የጊኒ ፒግ አንጀት ሥራውን የሚሠራው ከላይ ድርቆሽ ሳያቋርጥ ሲገባለት ነው። ምግቡ ሲቋረጥ አንጀቱ ይቆማል፤ ውስጡ የቀረው ይብላላና በጋዝ ይሞላል፤ ሕመሙ ደግሞ ምግቡን ይብስ ያስጠላታል። ሰውነቷም የራሱን ስብ ወደ ጉበት ማጓጓዝ ይጀምራል፣ ጉበቱም ይጎዳል። ስለዚህ ለጊኒ ፒግ 12 ሰዓት ያለ ምግብ ማደር አሳሳቢ ነው፤ 24 ሰዓት ሲሞላ ድንገተኛ ሕክምና ያስፈልጋታል። «ትንሽ ትረፍ፣ ሲሻላት ራሷ ትበላለች» የሚለው ሐሳብ ለእሷ አይሠራም።

ምግብ በሲሪንጅ ከመስጠትዎ በፊት ሁለት ነገር ይፈትሹ። መጀመሪያ ጆሮዋንና እግሯን ይዳስሱ። ከቀዘቀዙ አስቀድመው ያሙቋት፤ ለብ ያለ ውኃ የያዘ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው አጠገቧ ያስቀምጡ፣ ሲሞቃት መሸሽ እንድትችልም ቦታ ይተዉላት። የቀዘቀዘ ሰውነት ምግብ አይፈጭም። ቀጥሎ ሆዷን በሁለት ጣት ቀስ ብለው ይንኩ። እንደ ከበሮ ከተወጠረ ምንም አያጉርሷት፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይውሰዷት። ጊኒ ፒግ ማስመለስ ስለማትችል ሆዷ የነፋው ነገር ወደ ላይ መውጫ የለውም።

ሆዷ ለስላሳ ከሆነ ማጉረስ ይቻላል። ለታመሙ ሣር በል እንስሳት የተዘጋጀ ዱቄት በእንስሳት ክሊኒክና መደብር ይገኛል፤ በአሜሪካ በብዛት የሚታወቀው የኦክስቦው «ክሪቲካል ኬር» ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በሁለት የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውኃ በጥብጠው ጥቂት ደቂቃ ያቆዩት። ዛሬ ማታ ዱቄቱን ካላገኙ የዘወትር እንክብል መኖዋን ቡና ባልነካው መፍጫ አድቅቀው በለብ ያለ ውኃ ያላቁጡት። አጥሚት፣ ወተትና እርጎ ለሰው በሽተኛ ቢስማሙም ለእሷ አይሆኑም። የሚያስፈልጋት የሣር ጭረት ነው።

መጠኑ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ50 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ነው። ለእርስዎዋ ከ45 እስከ 72 ይሆናል ማለት ነው። በየ4 ሰዓቱ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ሌሊትም ጭምር ይስጧት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ በ5 ይጀምሩ።

አሰጣጡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንገቷ ብቻ እስኪቀር በፎጣ ጠቅልለው፣ ጀርባዋን ወደ ሆድዎ አድርገው ጭንዎ ላይ ያስቀምጧት። ባለ 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይያዙ፤ ጭረቱ እንዳይዘጋው ጫፉን ትንሽ ቆርጠው ጠርዙን ያለስልሱት። ከፊት ጥርሶቿና ከመንጋጋዋ መካከል ጥርስ የሌለበት ክፍተት አለ። በዚያ በጎን ያስገቡና ጫፉን ወደ ማዶኛው ጉንጭ ያዙሩት፤ ወደ ጉሮሮ አይሁን። ግማሽ ሚሊ ሊትር ይግፉና ይጠብቁ። አገጯ ሲንቀሳቀስ፣ ስታኝክና ስትውጥ ያያሉ፤ ከዚያ ቀጣዩን ይስጡ። 10 ሚሊ ሊትር ለማብላት 20 ደቂቃ ቢፈጅ አይደነቅ። በጀርባዋ አስተኝተው ወይም ቸኩለው ከሰጡ ምግቡ ሳንባዋ ይገባና የሳንባ ምች ይሆናል። ጨርሶ የማትውጥ ከሆነ ያቁሙ። ሲጨርሱ አገጯን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፤ የደረቀ ምግብ ቆዳዋን ያቆስላል።

ግራም የሚለይ የኩሽና ሚዛን ይግዙ፤ ለእንስሳዋ ከዚህ የሚበልጥ ዕቃ የለም። በየጠዋቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ምግብ ከመስጠትዎ በፊት መዝነው ይጻፉ። 20 ወይም 30 ግራም ከቀን ቀን ይለዋወጣል። 50 ግራም ሲቀንስ ያስቡበት፣ 90 ግራም ከሄደ ግን ከሰውነቷ አንድ አሥረኛ ጠፍቷል። በጠጧንም ይቁጠሩ። ጤነኛ ጊኒ ፒግ በቀን ከ100 በላይ ትጥላለች። ቁጥሩ ሲያንስ፣ ፍሬው ሲኮስስ ወይም ጫፉ ሲሾል አንጀቱ እየደከመ ነው። ማስታወሻውን ይዘው ይሂዱ።

ማጉረሱ ጊዜ ይገዛል እንጂ አያድንም፤ ምግብ የዘጋትን ነገር ሐኪሙ መፈለግ አለበት። 20ዎቹም ጥርሶቿ ዕድሜ ልክ ያድጋሉ። የኋለኞቹ ሲረዝሙ ምላሷ ላይ እንደ ድልድይ ይገጥማሉ፤ ያኔ ቅጠሉን ታነሳለች፣ ትጥለዋለች፣ አገጯ በምራቅ ይርሳል። ይህን ካዩ ለሐኪሙ ይንገሩት። ለሕመሙ ብዙ ጊዜ ሜሎክሲካም ያዝዛል። ቤትዎ ያለውን ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ግን አይስጧት።

ጥያቄ፦ የኛው ያስነጥሳል፤ ዓይኑና አፍንጫው ዙሪያ ቅርፊት ሠርቷል፤ ሲተነፍስ ይንጠቃጠቃል። ለልጄ ጆሮ የታዘዘው ሮዝ የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ፍሪጅ ውስጥ ተርፏል። ስንት ጠብታ ልስጠው?
አንድ አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ አንድም ጠብታ አይስጡት። ይህን ዓምድ ለሌላ ነገር ባያነቡት እንኳ ይህን ይያዙልን። አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊንና ሌሎቹ የፔኒሲሊን ዘሮች፣ እንዲሁም በአፍ የሚሰጡት ክሊንዳማይሲንና ኤሪትሮማይሲን ጊኒ ፒግን ይገድላሉ። ምግቡን የሚያብላሉለት የአንጀቱ ባክቴሪያዎች በመድኃኒቱ ሲያልቁ ክሎስትሪዲየም የተባለው መርዘኛ ዘር ቦታውን ይይዛል፤ በቀናት ውስጥ ተቅማጥ፣ ከዚያ ሞት ይከተላል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1940 ኦክስፎርድ ላይ ፔኒሲሊን በበሽታ አምጪ ተሕዋስ ላይ ሲሞከር እንስሳቱ ጊኒ ፒጎች ሳይሆኑ አይጦች መሆናቸው ለሰው ልጅ ትልቅ ዕድል ነበር። ቁስል ላይ የሚቀባም ቢሆን ይልሰዋል። ሰጥተውት ከሆነ ያቁሙና ዛሬውኑ ለሐኪም ስሙንና መጠኑን ይንገሩ።

የርስዎ ጊኒ ፒግ ምልክት የመተንፈሻ ኢንፌክሽን ስለሚመስል ዛሬ ወይም ነገ መታየት አለበት። ሐኪሞች ለእነዚህ እንስሳት የሚመርጡት እንደ ኤንሮፍሎክሳሲን ወይም ትራይሜቶፕሪም ሰልፋ ያለውን ነው፤ መጠኑ በግራም ክብደት ይሰላል፣ የታዘዘው ቀን እስኪያልቅም ይሰጣል። ጊኒ ፒግ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ነው። አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ ካዩት ሌሊትም ቢሆን ይነሱ። የአፍንጫውን ቅርፊት በለብ ያለ ውኃ በራሰ ጥጥ አርሰው ያንሱለት፤ መተንፈስ ሲችል የመብላት ፍላጎቱም ይመለሳል።

የጊኒ ፒጉ ቤት የት ነው የተቀመጠው? ሳሎን ከሆነ ቡና ሲቆላ የሚነሳው ጭስና ዕጣኑ ሳንባውን ያቃጥሉታል። ቡናው አይቅር፤ እሱ ግን በሩ የሚዘጋ ክፍል ይግባ። ሽታ ያለውን የጥድ ፍቅፋቂ አውጥተው በወረቀት ንጣፍ ወይም በጨርቅ ይተኩት። አፍንጫዎን ወደ ንጣፉ ዝቅ አድርገው ያሽትቱ፤ የሽንቱ ሽታ ዓይንዎን ከቆጠቆጠው እሱ ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው። ውሻ ወይም ጥንቸል ካለዎትም ይለዩአቸው፤ ቦርዴቴላ የተባለውን ባክቴሪያ ሳይታመሙ ተሸክመው ያስተላልፉታል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 15 ነው። ጊኒ ፒጌ የኋላ እግሩን ይጎትታል፤ ሳነሳው ይጮኻል። ሐኪሟ የቫይታሚን ሲ እጥረት ነው አለች። ውኃው ውስጥ ጠብታ ሁልጊዜ እጨምርለት ነበር፤ እንዴት ሊያጥረው ቻለ?
ከሙኒክ፣ ጀርመን

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጥፋቱ የአንተ አይደለም። ጠብታውን የሚሸጡት ሰዎች ይህን አይነግሩህም። ቫይታሚን ሲ ውኃ ውስጥ በብርሃንና በአየር ቶሎ ይበላሻል፤ ጣዕሙን ስለሚለውጠውም አንዳንዱ ውኃ መጠጣቱን ይቀንሳል። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ይህን ቫይታሚን በሰውነቱ መሥራት አይችልም። ሆልስትና ፍሮሊክ የተባሉ የኖርዌይ ተመራማሪዎች ስከርቪ የተባለውን የቫይታሚን ሲ እጥረት በሽታ እ.ኤ.አ. በ1907 ያጠኑት በእነዚሁ እንስሳት ላይ ነው። ሲያጥረው መገጣጠሚያው ውስጥ ይደማል፣ ድዱም ያብጣል። የሚጮኸው ስለሚያመው ነው፤ እግሩን አትሸው፣ ሳያስፈልግም አታንሳው።

ለጤነኛ በቀን ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ይበቃል፤ ለታመመ ከ30 እስከ 50 ይሰጣል። ሐኪሟ ሌላ ካላዘዘች ባለ 100 ሚሊ ግራም የቫይታሚን ሲ ክኒን ግዛ፤ አረፋ የሚያወጣው ወይም ብዙ ቫይታሚን የተቀላቀለበት አይሁን፤ ኤ እና ዲ ሲበዙ ይጎዱታል። ለአንድ ኪሎ ጊኒ ፒግ ግማሹን ፈጭተህ በ1 ሚሊ ሊትር ውኃ በጥብጥና ወዲያው በሲሪንጅ ስጠው። ከዚህ ጋር ቀይ የማያቃጥል የፈረንጅ ቃሪያ ጨምርለት፤ 25 ግራሙ 30 ሚሊ ግራም ገደማ ይይዛል። የእንክብል መኖው ከረጢት ላይ የተመረተበትን ቀን ተመልከት። 90 ቀን ካለፈው ቫይታሚኑን አትተማመንበት።

ምግቡንና ውኃውን አፉ ሥር አድርግለት፤ መወጣጫውን ከቤቱ አውጣው። ብዙዎቹ በሳምንት ገደማ ለውጥ ያሳያሉ። ካላሳየ ራጅ ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ ሽንቷ ቀይ ሆነ፤ ስትሸና ትጮኻለች።
ከዳላስ፣ ቴክሳስ

መልስ፦ አንዳንድ ቅጠል ሽንትን ያቀላል፤ ጩኸቱ ሲጨመርበት ግን የፊኛ ጠጠር ሊሆን ይችላል። ጠጠሩ አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየም ስለሆነ በራጅ ይታያል፣ ትልቁ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። አልፋልፋ ድርቆሽ ካለ ቲሞቲ በተባለው የሣር ድርቆሽ ይተኩት፤ ቅጠላ ቅጠሉን አርጥበው ይስጧት። እያማጠች ምንም ጠብ ካላለ ሰዓት አይቆጠርም፣ ወዲያው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ ከዚህ በላይ እንዳናሰቃየው መከረን። ልጆቹ እያለቀሱ ነው። አብሮት የኖረው ጓደኛውስ?
አንዲት እናት፣ ከሚኒሶታ

መልስ፦ እህታችን፣ ሐዘናችሁ ይገባናል። መድኃኒቱ ሕመሙን ካላበረደለት፣ መዋጥ ካቃተው፣ ጥርሱን እያፋጨ ጎብጦ ከዋለ፣ የሐኪሙ ምክር ትክክል ነው። መጀመሪያ በጋዝ ወይም በመርፌ እንዲያስተኙት ይጠይቁ፤ የመጨረሻው መርፌ የሚሰጠው እንቅልፍ ሲወስደው ነው። ቤት ውስጥ በራሳችሁ ምንም አትሞክሩ። ለልጆቹ «ተኛ» ከማለት «ሞተ» ብሎ መንገር ይሻላል፤ ትንንሾቹ መኝታን መፍራት ይጀምራሉ።

በሽታው ተላላፊ ካልነበረ አስከሬኑን ጓደኛው አጠገብ ጥቂት ጊዜ አቆዩት፤ ያሸተዋል፣ ከዚያ ይርቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁለት ሳምንት እሱንም በየጠዋቱ መዝኑት፤ ብቻውን የቀረ ጊኒ ፒግ መብላት ሊያቆም ይችላል። አዲስ ጓደኛ ስታመጡለት መጀመሪያ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በሌላ ክፍል፣ በሌላ ሳህን ይቆይ፤ ከአዲሱ ወደ ነባሩ ከመሄዳችሁ በፊትም እጃችሁን ታጠቡ።