«ከሥሩ ምን ለብሰሃል?» ኪልት ለባሾች የሚጠየቁት

ስኮትላንድ ውስጥ ኪልት፣ ማለትም የወንዶችን ባለሽንሽን ባህላዊ ጉርድ፣ ለብሶ መንገድ የወጣ ሰው ከማያውቃቸው ሰዎች የማይጠየቀው የለም። አንባቢዎች «ይህንን ተጠየቅን፣ ምን እንበል?» ብለው ከላኩልን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ግላስጎው ውስጥ ለሠርግ ኪልት ለብሼ ከባቡር ጣቢያ ወደ አዳራሹ ስሄድ፣ የማላውቃቸው ሰዎች እየተቀባበሉ «ከሥሩ ምን አለ?» አሉኝ። ምን ማለት ነበረብኝ? እውነቱስ ምንድን ነው?

መልስ፦ ስኮትላንዳውያን «ጫማና ካልሲ» ብለው ይገላገላሉ። የቆየ ቀልድ ነው፤ ቢሆንም ጠያቂውን አስቆ በመሸኘት የሚተካከለው የለም። እውነቱን ካሉ፣ ከሥር ምንም አለመልበስ ከስኮትላንድ ደጋማ ክፍለ ጦሮች ጋር ተያይዞ የሚነገር ልማድ እንጂ ግዴታ አይደለም። የተከራዩት ኪልት ከሆነ ደግሞ ክርክር አያስፈልገውም፤ ከእርስዎ በፊት ሌላ ሰው ተቀምጦበታል፣ ከእርስዎም በኋላ ሌላው ይቀመጥበታል። ፓንት ይልበሱ። የራስዎ ቢሆንም ሱፍ ገላን ይቆረቁራል፤ በጭፈራ መሃል ሲሽከረከሩም ሽንሽኑ እንደ ዣንጥላ ይከፈታል። ጠቆር ያለ ቀለም ይምረጡ፣ ነጭ ከሩቅ ይታያል።

ጠርዙን ሊገልጥ እጁን የሚሰነዝር ሰው ግን እየጠየቀ አይደለም። ሳይስቁ «እጅህን ሰብስብ» ይበሉት። ለወሲባዊ እርካታ ወይም ለማዋረድ ብሎ ስልክ ከሥር አስገብቶ ፎቶ ማንሳትማ ወንጀል ነው፤ ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2010፣ እንግሊዝና ዌልስ በ2019 በሕግ ከልክለውታል። ሕጉ ለባሹ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም።

ጥያቄ፦ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴትዮ «ልጄ፣ ቀሚስህን የለበስከው ወደኋላ አዙረህ ነው» አሉኝ። ሽንሽኑን በፊት በኩል ነበር ያደረግኩት። ልክ ናቸው?

መልስ፦ «ቀሚስ» በማለታቸው ይቅር ይበሏቸው፤ ስለ አለባበሱ ግን ልክ ናቸው። ሽንሽኑ የኋላ ነው። ፊት ለፊት የሚታየው ለጥ ያለው ክፍል ሽርጥ ይባላል፤ ሁለት ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። ባለሙሉ ኪልት በተለምዶ 8 ያርድ ማለትም 7.3 ሜትር ገደማ ጨርቅ ይወስዳል፤ አብዛኛው የሚያልቀው ከኋላ ሽንሽኑ ላይ ነው። ልብስ ሰፊዎች የሚገዙት ግን 4 ያርድ ሰፊ ጨርቅ ነው። በቁመቱ ለሁለት ይሰነጥቁትና ጫፍ ለጫፍ ይገጥሙታል፤ መጋጠሚያው በሽንሽኑ እጥፋት ውስጥ ስለሚደበቅ አይታይም።

ሲለብሱ የሽንሽኑን መሃል ከአከርካሪዎ ጋር ያስተካክሉ። ከቀኝ የሚመጣው የውስጠኛው ሽርጥ ቀድሞ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ጠፍሩ ግራ ወገብዎ ላይ ባለችው ቀዳዳ ወጥቶ ከውጭ ዘለበቱ ላይ ይታሰራል። ከዚያ የላይኛው ሽርጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረብና ቀኝ ጎን ላይ ባሉት ሁለት ዘለበቶች ይያዛል። የወገቡን ጠበቅ፣ ከሱ ዝቅ ያለውን የዳሌውን ላላ ያድርጉ። የዳሌው ከጠበቀ ሽንሽኑን ይከፍተዋል፣ ሽርጡንም ወደ ጎን ይጎትተዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ስህተት ኪልትን እንደ ጂንስ ዳሌ ላይ ማሰር ነው። ቦታው እምብርት አካባቢ ነው። ዝቅ ካለ ጠርዙ ከጉልበት በታች ይወርዳል፤ ያኔ ቀሚስ ቢሏችሁ አትቀየሙ። ርዝመቱን ለመፈተን ወለል ላይ ይንበርከኩ፤ ጠርዙ ከወለሉ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ካለ፣ ሲቆሙ የጉልበትዎ ሎሚ መሃል ላይ ያርፋል።

ጥያቄ፦ መጠጥ ቤት ውስጥ «ሽንት ቤት እንዴት ትሄዳለህ? ስትቀመጥስ? ነፋስ ሲመጣስ?» ብለው አፋጠጡኝ።

መልስ፦ ቆመው ከሆነ ፊት የተንጠለጠለውን ቦርሳ፣ ስፖራኑን፣ በሰንሰለቱ ወደ ጎን ዳሌዎ ያዙሩና ሽርጡን ወደ ላይ ይሰብስቡ። ዘለበት መፍታት አያስፈልግም። ተቀምጠው ከሆነ ሽንሽኑን ከኋላ በሁለት እጅ ጠቅልለው ወደፊት ያምጡት፤ አለዚያ ሱፉ ወለል ይጠርጋል፣ የመጠጥ ቤት ሽንት ቤት ወለል ደግሞ ይታወቃል።

ወንበር ላይ ሲቀመጡ መዳፍዎን ከወገብዎ በታች አድርገው ሽንሽኑን ወደ ታች እያለሰለሱ ይቀመጡ። ይህን የዘነጋ ሰው ሲነሳ የሽንሽኑ እጥፋት ተጨማዶ ይቀራል። ስፖራኑ በጭኖች መሃል ወርዶ ሽርጡን ስለሚጫነው ከፊት ብዙ አያሳስብም። አናቱ ከቀበቶው ዘለበት አራት ጣት ያህል ዝቅ ይበል።

ነፋሱን የሚችለው የጨርቁ ክብደት ነው። በያርድ 450 ግራም ከሚመዝን 4 ያርድ ሰፊ ጨርቅ የተሰፋ ባለሙሉ ኪልት 2 ኪሎ ገደማ ስለሚሆን ተራ ነፋስ አያነሳውም። ለጌጥ የሚሸጡት ስስ ኪልቶች ግን ይነሳሉ። ከታች በቀኝ ጥግ የሚሰካው መርፌ ቁልፍ የላይኛውን ሽርጥ ብቻ መያዝ አለበት፤ ሁለቱን አጣብቀው ከሰኩት መራመድ ሲጀምሩ ጨርቁ ይቀደዳል።

ጥያቄ፦ «ካልሲህ ውስጥ ያለው ቢላዋ እውነተኛ ነው? ፖሊስ አይዝህም?»

መልስ፦ ስኪያን ዱ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ እውነተኛ ነው። የሚሰካው በሚሠሩበት እጅ በኩል ሲሆን ከካልሲው በላይ እጀታው ብቻ ይታያል። የስኮትላንድ የ1995 ሕግ በአደባባይ ስለት መያዝን ሲከለክል፣ የብሔራዊ አልባሳት አካል መሆኑን መከላከያ አድርጎ ይቀበላል፤ ለእንግሊዝና ዌልስ የወጣው የ1988 ሕግም እንዲሁ። ኪልቱን አውልቀው ቢላዋውን ኪስዎ ከከተቱ ግን ያ መከላከያ የለም። በአውሮፕላን ሲሄዱ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ያድርጉት። እጀታ ብቻ ሆኖ ስለት የሌለውም ይሸጣል፣ ለተጓዥ እሱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ «የየትኛው ጎሳ ነህ? ስኮትላንዳዊ ሳትሆን ለመልበስ ማን ፈቀደልህ?»

መልስ፦ ፈቃድ ሰጪ የለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የስኮትላንድ የታርታን መዝገብ ታርታኖችን፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ የየጎሳው መለያ የሆኑትን የኪልት ጨርቅ ባለመስመር ንድፎች፣ ይመዘግባል እንጂ ማን ምን ይልበስ ብሎ አይወስንም። በልማድ የሚከበረው ባልሞራል የተባለው የንጉሣውያኑ ታርታን ነው፤ እሱን ይተዉት። ጎሳ የሌለው ሰው ብላክ ዎች የተባለውን ታርታን ቢለብስ ማንም አይቀየመውም። በሕግ የተከለከለበት ዘመን ግን ነበር፦ በብሪታንያ ንጉሥ ላይ ከተነሳው የ1745ቱ (እ.ኤ.አ.) አመፅ በኋላ በወጣው ሕግ፣ በስኮትላንድ ከወታደር በቀር ኪልት የለበሰ ወንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ስድስት ወር ይታሰር ነበር። ክልከላው የተነሳው በ1782 ነው።

ጥያቄ፦ «ዝናብ ቢመታህ አይበላሽም?»

መልስ፦ ሱፍ ነው፣ ዝናብ ያውቃል። ቤት ሲገቡ በወገቡ በኩል በመቆንጠጫ ይስቀሉትና በራሱ ጊዜ ይድረቅ። ማሞቂያ ላይ አያስጡት፣ ሊኮማተር ይችላል። ሽንሽኑ ከተበላሸ እያንዳንዱን እጥፋት ከታች በረጅምና በላላ ስፌት ይያዙት፤ እርጥብ ጨርቅ ደርበው ካውያውን ሳይጎትቱ እየጫኑ ያንሱ። ክሩን የሚፈቱት ጨርቁ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።